«አለሁ» የማይል ሰርቨር

ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው ሰርቨር ጠብቆ አያውቅም። በእኛ ሙያ ዝምታ ሞት ነው። የሰው ፎቶና ሰነድ ክላውድ በሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ሲቀመጥ፣ ሰርቨር የሚባለው ማሽን አንዱ ብቻውን አይታመንም፤ ሦስት አራት ሆነው ያንኑ ነገር ይይዛሉ፣ በየሰከንዱም «አለህ?» «አለሁ» ይባባላሉ። አንዱ ዝም ካለ ሌሎቹ እንደ ሞተ ቆጥረው ሥራውን ይረከባሉ። ለቅሶ የለ፣ ድንኳን የለ። ፎቶውን የሚያየው ደንበኛ ማን እንደሞተ እንኳ አይሰማም። እንጀራዬ ይህን ማዋቀር ነው።

የእኛ ሰውም እንዲሁ እንደሚሠራ ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው። ባለቤቴን መዓዛን ከቀበርን ወዲህ፣ እዚህ በስደት አገር፣ ሆሎዌይ ሰፈር የሚኖሩት የዕድራችን ሰብሳቢ እትዬ ጽጌ ጠዋት ጠዋት ይደውላሉ። «አለህ?» «አለሁ።» በቃ። እሳቸው ሲዘጉ የዕድሩ አባል ጋሽ በቀለ ይቀጥላሉ፣ ከዚያ ሌላ ሰው። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም አይደል? እኔ ግን ሰለቸኝ። «አለሁ» ባልኩ ቁጥር የዋሸሁ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ፣ አርችዌይ ሰፈር ካለው ቤቴ ሆኜ ስሠራ፣ የስልኩን ድምፅ አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ያዋቀርኩትን ለመሞከር አንዱን ሰርቨር ሆን ብዬ ገደልኩት። ሌላው ወዲያው ተካው። ደስ አለኝ። ሌላም ገደልኩ። ከመዓዛ ወዲህ ሞት እንዲህ ቀልሎልኝ አያውቅም፤ ስገድልና ሳስነሳ ዋልኩ።

ያባነነኝ የበር ድብደባ ነው። ስከፍት ጋሽ በቀለ መዶሻ ይዘዋል፤ ከኋላቸው እትዬ ጽጌ የሦስት ዓመት ልጄን ሶልያናን አቅፈው ቆመዋል። በሰዓቱ ከመዋዕለ ሕፃናት ላወጣት የሚገባኝ እኔ ነበርኩ።

«አለ እንዴ!» አሉ ጋሽ በቀለ። «እኔ እኮ በሩን ልገነጥለው ነበር!»

«ከመዋዕለ ሕፃናቱ ቢደውሉ ቢደውሉ አታነሳም፤ ለእኔ ደወሉ» አሉ እትዬ ጽጌ።

«እርስዎን በምን አወቁ?»

«መዓዛ ናታ! ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት እዚያ ወስዳ ከአስተማሪዎቹ ጋር አስተዋወቀችኝ። ‹እሱ ኮምፒውተሩ ላይ ከተቀመጠ አይሰማም› ብላ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔ ለማላውቀው ሰው ፎቶ ተተኪ ሳዘጋጅ፣ እሷ ለልጇ አዘጋጅታ ሄዳለች።

ጋሽ በቀለ ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩ። «ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?»

«አንዱ ሲጠፋ ሌላው እንዲተካው ማድረግ።»

መዶሻውን ከጀርባቸው ደበቅ አደረጉና «ጥሩ ሥራ ነው» አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ስልኩ ገና ከመጥራቱ አነሳሁት።

«አለሁ፣ እትዬ!»

«እሱማ ታውቋል» አሉኝ። «ልጅቷን አቅርብልኝ።»