ሕሊናን ቤት የማዋል ፈቃድ

ማንያህልሻል ልጇን ሕሊናን ቤት ማዋል ከጀመረች ቆየች። ነገሩን ከማንም አልደበቀችም፤ ለማንም ግን አላወራችም። ሰው ሕሊናን የኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ ሲያያት «ልጅቷን አመማት እንዴ?» ይላል። «ኧረ ተሻላት» ትላለች እናት፤ እውነቷንም ነው።

ተሽሏት ነበር። አንደኛ ክፍል ሳለች መምህርቷን አንድ ነገር ጠየቀቻት። ምን እንደጠየቀች እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ መልሱ ግን «ተንበርከኪ» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እጇን አጣጥፋ ግድግዳ የምታይ ሆነች። ሲጠሯት «አቤት» ከማለት በቀር ቃል አይወጣትም። ማንያህልሻል ይህን አይታ ነው ያስወጣቻት። ቤት መዋል ከጀመረች በኋላ አንደበቷ ቀስ በቀስ ተፈታ። ምስር ሲለቀም «ድንጋዩን ማን ጨመረበት?» ትላለች። ውሃ ሲጠፋ «የጠፋው ለሁሉም ሰው ነው ወይስ ለእኛ ብቻ?» ትላለች። ሬዲዮ ሲከፈት ደግሞ «ይሄ ሰውዬ ሁልጊዜ ደስ ያለው ለምንድን ነው?» ትላለች። ፍሪጅ እየጠገነ የሚያድረው አባቷ ይገረም ሬዲዮውን ይቀንስና በሩን ያያል፤ ከዚያ ይስቃል። ማንያህልሻልም በሩን ታያለች፤ እሷ ግን አትስቅም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ያው በር ተንኳኳ። የመጣው የትምህርት ተቆጣጣሪው አቶ ልክየለህ ነበር። እጁ ላይ የአናጢ ሜትር ይዟል፤ ሰላምታውን ሳይጨርስ የበሩን ስፋት ለካ።

«ሕሊና እዚህ ቤት አለች የሚል ጥቆማ ደርሶናል።»

«አለች።»

«በሕጋዊ መንገድ?»

«እኔ ነኝ የወለድኳት።»

«እሱማ ማንም ይወልዳል፣ ወይዘሮ። እኛ የምናየው አያያዙን ነው።»

ማንያህልሻል በሩን በትከሻዋ ደገፍ አደረገችው። «ሊወስዷት ነው?»

«ኧረ ምን ሲደረግ! ማን ከለከለ? ሕሊናን ቤት ማዋል መብትሽ ነው። መመሪያው የሚለው ቤቱ መስፈርት ያሟላ ነው እንጂ።» ሜትሩን ጥርቅም አድርጎ አስገባው። «ወሩ ሲያልቅ ተመልሼ አያለሁ። ካልተሟላ ግን ወደ ቀድሞዋ መምህርት ትመለሳለች። መምህርቷም እኮ አልረሳቻትም፤ ‹ያቺ ልጅ የት ደረሰች?› ትለኛለች።»

ሕሊና ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ብቅ አለች። «ሜትሩን ማን ለካው?»

አቶ ልክየለህ ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ግን ቆሞ ልጅቷን ጥቂት አያት። «ጥያቄዋም ላይ ይሠራበታል» አለና ደረጃውን ወረደ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ማንያህልሻል በማግስቱ መመሪያውን አስመጥታ ቤቷን ትምህርት ቤት ማድረግ ጀመረች። ደወል ያስፈልጋል ስለተባለ ይገረም የመኪና ቸርኬ በረንዳው ላይ ሰቀለ። ታች ያሉት ጎረቤት እትዬ ዘርፌ፣ «ወይ እኛንም መዝግቡን፣ ወይ ጆሯችንን ተዉልን!» ብለው ጮኹ፤ ሰንበትበት ሲል ግን እሳቸውም ምሳቸውን በደወሉ መሥራት ጀመሩ። ዩኒፎርሙ ከመጋረጃ ተሰፋ። ሕሊና ለበሰችው፤ መስኮቱ ራቁቱን ቀረ፤ ከማዶ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ያይ ጀመር።

ርእሰ መምህር ያስፈልጋል ሲባል ይገረም ሆነ። መጀመሪያ ላይ ቀልድ ነበር። ቱታውን አውልቆ ክራቫት አሰረ፤ ቀጥሎ መሳል ጀመረ፣ ጉንፋን ሳይዘው፣ የርእሰ መምህር ሳል። አንድ ቀን ሕሊና ሮጣ ስትጠመጠምበት ክራቫቱን እያስተካከለ፣ «መጀመሪያ ይንኳኳል» አላት።

«በሩ ክፍት እኮ ነው።»

«ክፍትም ቢሆን።»

«አንተ፣ የምርህን ነው እንዴ?» አለችው ማንያህልሻል ወጥ ቤት ወስዳው በሹክሹክታ።

«ልምምድ ነው ባክሽ። ሰውዬው ሲመጣ እንዳንሳሳት።»

እሷም እንዳይሳሳቱ ብላ ነው «እማዬ» በትምህርት ሰዓት ቀርቶ «መምህርት» እንዲባል የተስማማችው። የመኝታ ቤቱ በር ላይ «ከመምህራን በቀር መግባት ክልክል ነው» ተለጠፈ። ሕሊና በእናትና አባቷ መሃል መተኛቷ በዚያው ቀረ።

ከሁሉ የከበደው አንድ ለአምስቱ ነበር። በመመሪያው መሠረት ተማሪ ብቻውን አይማርም፤ አምስት ሆኖ፣ አንዱ ሌላውን እየተከታተለ ነው የሚማረው። ቤቱ ያለው ሦስት ሰው ነው። ይገረም የልጅቷን አሻንጉሊት ቆጠረ። አምስተኛዋ እትዬ ዘርፌ ሆኑ፤ የጠየቃቸው የለም፣ ሰምተው ነው የወጡት። ሕሊና የቡድን መሪ ተባለች፤ አርብ አርብ ከሰዓት ለግምገማ ተቀመጡ።

በመጀመሪያው አርብ ሁሉም ሳቁ። በሁለተኛው እትዬ ዘርፌ ብቻ ሳቁ። በሦስተኛው ሕሊና ተነሣችና እጇን ኋላዋ ላይ አጣመረች።

«የአሻንጉሊቷ ጠንካራ ጎን ዝምታዋ ነው» አለች። «ርእሰ መምህሩ ድሮ ሬዲዮ ሲናገር ይስቁ ነበር፤ አሁን አሻሽለዋል። መምህርት ግን ‹ምን ሆንሽብኝ? ለምን አትጫወቺም?› እያሉ ጥያቄ ያበዛሉ። ድክመት ነው።»

«እሰይ! እንዴት ያለች አስተዋይ ወጣት!» አሉ እትዬ ዘርፌ።

ማንያህልሻልን ልጇ አንቱ ብላታለች። ተነሥታ ቸርኬውን አውርዳ፣ መጋረጃውን መልሳ ልትሰቅል አሰበች። ወዲያው ግን ያቺ መምህርት ታየቻት፤ ሲሚንቶ ላይ የተንበረከኩት ትንንሽ ጉልበቶችም ታዩዋት። ወሩ ሊያልቅ ነው። ይህን ብቻ እንለፈው፣ ከዚያ በኋላ እንደ ልባችን እንሆናለን፣ አለች በሆዷ።

«ጭብጨባ» አለች በአፏ።

አቶ ልክየለህ በሚመጣበት ቀን ደረጃውን ስታዳምጥ አረፈደች። የወጣ ኮቴ ሁሉ የእሱ መሰላት። አንዱ ኮቴ በራቸውን አልፎ ሲሄድ ሕሊና፣ «ማን...» ብላ ጀመረች።

«ዝም በይ አሁን!»

ድምፁ ከማንያህልሻል አፍ ወጣ እንጂ የራሷ አልነበረም። የማን እንደሆነ ግን አላጣችውም። ልጅቷ ዝም አለች፤ እንዲያውም ፊቷ ላይ እፎይታ ታየ፣ የምታውቀውን ነገር መልሳ እንዳገኘች ሁሉ።

ሰውዬው መጣ። በሩን ለካ፤ ጠረጴዛውን ለካ፤ ቸርኬውን ቢመታው ታች እትዬ ዘርፌ ድስት ጣዱ። ሁሉንም ካየ በኋላ ሕሊና ፊት ቁጢጥ አለ።

«እሺ፣ ጎበዝ። ጥያቄ አለሽ?»

ማንያህልሻል ልጇን አየቻት። አለኝ ካለች ይወስዷታል። የለኝም ካለች ግን... ይህኛውን አስባ አልጨረሰችውም።

«የለኝም፣ ቲቸር።»

«ምንም?»

«ምንም፣ ቲቸር።»

አቶ ልክየለህ ጉልበቱን ይዞ ተነሣ፤ ዓይኑ እንባ ያቀረረ ይመስል ነበር። «ሌላ ቦታ ይህን ለማምጣት ስንት መምህር፣ ስንት አለንጋ ይፈጃል! እናንተ በፍቅር አመጣችሁት።» ማህተሙን ከኪሱ አውጥቶ እፍ አለበትና የፈቃዱ ወረቀት ላይ መታ። «በሉ እንኳን ደስ ያላችሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሕሊና በሕግ የእናንተ ናት።»

ይገረም እየሳለ እስከ ደረጃው ሸኘው። ማንያህልሻል በሩን ዘግታ ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ልቅሶ ሆነባት። አለፈ። ልጇ ወደዚያች መምህርት አትመለስም። ከዚህ ቤት ማንም አይወስዳትም።

«ነይ» አለች እጇን ዘርግታ። «ነይ ልጄ፣ በቃ፣ አለቀ።»

ሕሊና አልመጣችም። ቦርሳዋን አዝላ፣ ብቻዋን ሰልፍ ሠርታ በሩ አጠገብ ቆማለች። እጇን አወጣች።

«ጠይቂ!» አለች እናት፣ ደስታዋን መሸሸግ አቅቷት። «ጠይቂ የኔ ዓለም፣ የፈለግሽውን ጠይቂኝ!»

«መምህርት» አለች ሕሊና፣ «ወደ ቤቴ የምሄደው መቼ ነው?»