ለዕረፍት የሚወጣው ኮሚቴ ስንቅ ሲጭን የዋለበት ስብሰባ

ቤቱ ተያዘ! ከማችካ ከተማ በላይ ተራራው ላይ፣ ጉሙ በመስኮት የሚገባበት፣ በረንዳ ያለው የእንጨት ቤት፣ ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት! ደህና ዋላችሁ እኅቶቼ፤ ሰላምታው የዘገየው ደስታው ስለቀደመኝ ነው። በስብሰባው ላይ ላልነበራችሁ የወርቅ ዕቁባችን አባላትና የሕንፃችን ጎረቤቶች ቃለ ጉባኤው እንደሚከተለው ቀርቧል።

ቀን፦ የሐምሌ ሁለተኛው ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ቦታ፦ ትራብዞን፣ ከጥቁር ባሕር ወደቡ በላይ፣ የወሩ ተረኛ በሆኑት በወ/ሮ ናዝሚዬ ሳሎን።

የተገኙ፦ ወ/ሮ ሃቫ፣ ሰብሳቢ፣ በዕድሜም በድምፅም ትልቋ፤ ወ/ሮ ሳኒዬ፣ ማንም ሳይሾማቸው የስንቅ ኃላፊ፤ ወ/ሮ ሙዜየን፣ መኪና ያለው ባል ያላቸው፤ ወ/ሮ ናዝሚዬ፣ የቤቱ እመቤት፤ እኔ ፊርዴቭስ፣ ጸሐፊ።

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ የወ/ሮ ናዝሚዬ አማት፣ ከጎን ክፍል።

ምልአተ ጉባኤ፦ ተሟልቷል። ሆኖም ወ/ሮ ናዝሚዬ ሻይ ለመቅዳትም፣ ከጎን ክፍል ሲጠሩም ስለሚነሡ አብዛኛውን ጊዜ አራት ነበርን።

አጀንዳ 1፦ የጉዞው ዓላማ

ሰብሳቢዋ እንዳስረዱት፣ ሁላችንም በየበጋው ተራራ እንወጣለን፤ የምንወጣው ግን ላም ልናልብ፣ ሣር ልናጭድና ለባል ዘመድ ልናበስል ነው። ዘንድሮ ያለ ባልና ያለ ላም፣ እንደ ከተማ ሰው ከፍለን፣ ሌላ ሰው ሻይ እያቀረበልን እንድናርፍ ሐሳብ አቀረቡ። አባላት የሚፈልጉትን እንዲናገሩ ተጠየቁ። ወ/ሮ ሳኒዬ ንጹሕ አየር አሉ። ወ/ሮ ሙዜየን ፎቶ አሉ፤ እህታቸው የምታየው ፎቶ። ወ/ሮ ናዝሚዬ ትሪውን እንደያዙ፣ "እኔስ መተኛት ነው የምፈልገው። ማንም ሳይጠራኝ፣ በራሴ እስክነቃ" አሉ። ወዲያው ከጎን ክፍል ስለተጠሩ ንግግራቸው በዚሁ አበቃ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ዓላማው "ሙሉ ዕረፍት" እንዲባል በአንድ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ቤት ስለመያዝ

ጸሐፊዋ እንድትደውል ታዘዘች። የቤቱ ባለቤት ሴትዮ ቀኑን ሳይጠይቁ "የማን ልጅ ነሽ?" አሉ። ጸሐፊዋም አሳዳጊ እንዳላት ሰው የአባቷን፣ የአያቷንና የመንደሯን ስም ተናገረች። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሴትዮዋ በእናታቸው በኩል የወ/ሮ ሳኒዬ ዘመድ መሆናቸው፣ የወ/ሮ ሃቫን ሰርግ መብላታቸው፣ የወ/ሮ ሙዜየንን ባል በልጅነቱ ማዘላቸው ተረጋገጠ። ገንዘብ የሚባል ነገር እንዳይነሣባቸውም ማሉ፤ "ከወገኔ ተቀብዬ በየት በኩል ነው መንደር የምገባው?" አሉ። ተጨበጨበ።

ጭብጨባው ችኮላ እንደነበር የታወቀው በሚቀጥለው አጀንዳ ነው።

አጀንዳ 3፦ ስንቅና የሥራ ክፍፍል

ወ/ሮ ሳኒዬ ወገን ቤት ባዶ እጅ እንደማይገባ አስታወሱ። አይብ፣ ቅቤና የበቆሎ ዱቄት እንዲጫን ተወሰነ። ሴትዮዋ ኩይማኩን፣ ያን የሚሳብ የአይብና የበቆሎ ገንፎ፣ እንዴት እንደሚሠሩ ስለማይታወቅ፣ የራሳችን የመዳብ መጥበሻም ይጨመር ተባለ። የቤቱን ባለቤት እንዳያስቀይም መጥበሻው ብርድ ልብስ ለብሶ እንዲጓዝ ተፈቀደ። አይቡ ከማን ቤት ይምጣ በሚለው ላይ ወ/ሮ ሳኒዬና ሰብሳቢዋ ሐሳብ ተለዋወጡ። ጸሐፊዋ ከሐሳቡ መመዝገብ የቻለችው፣ "እትዬ ሃቫ፣ የእርስዎ አይብ'ኮ በትራክተር ቢጎተትም አይሳብም" የሚለውን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ሰብሳቢዋ፣ ገንዘብ የማይቀበል ሰው ቤት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነውር ስለሆነ፣ ዕቃ አጣቢ፣ ቤት ጠራጊና ሣር አጫጅ እንዲመደብ ጠየቁ። የሴትዮዋ ሣር እንዳልታጨደ በስልኩ ላይ ተነሥቶ ነበር። ተመደበ። የወ/ሮ ሙዜየን ባል ካደረሰን በኋላ በባዶ ሆዱ ቁልቁል ይመለስ ማለት ስለማይቻል እንዲያድር፣ እሱ ካደረ ሌሎቹ ባሎች ቅር እንዳይላቸው እንዲካተቱ ተወሰነ። የሰብሳቢዋ ላም ያለችበት መንደር በመንገዳችን ላይ ስለሆነ ላሟም ትካተት ተባለ። ተቃውሞ አልቀረበም።

ወ/ሮ ናዝሚዬ በዚህ አጀንዳ ድምፅ አልሰጡም፤ ሻይ እየቀዱ ነበር።

አጀንዳ 4፦ የወ/ሮ ናዝሚዬ አማት ጉዳይ

አማትየው ብቻቸውን ስለማይቀሩ፣ ከነአልጋቸው መኪናው ላይ ተጭነው እንዲወጡና ወ/ሮ ናዝሚዬ እዚያው እንዲያስታምሟቸው ሐሳብ ቀረበ። ወ/ሮ ናዝሚዬ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጡ።

"ይሄ'ኮ ይኸው ቤቴ ነው" አሉ፤ "ተራራ ላይ ወጣ እንጂ። ሂዱ እናንተ፤ እኔ እዚሁ እሆናለሁ።"

ለጥቂት ጊዜ ሻይ የጠየቀ የለም። ሰብሳቢዋ እስካሁን የተወሰነው እንዲነበብ አዘዙ። ጸሐፊዋ አነበበች። ሣር አጨዳው ላይ ስትደርስ ወ/ሮ ሙዜየን ሳቁ፤ ላሟ ላይ ስትደርስ ሰብሳቢዋ ራሳቸው "በቃ፣ በቃ፣ ተይው" አሉ። ሌላ ቤት ይፈለግ ተባለ። ግን በዚያ ተራራ ላይ ከአራታችን አንዷን የማያውቅ ባለቤት ማሰብ አልተቻለም።

በዚህ መሐል ከጎን ክፍል፣ ድምፅ የሌላቸው ተሰብሳቢ ድምፅ ሰጡ፦ "እሷን የሚያውቃት የለም። የዚህ አገር ልጅ አይደለችም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተናግሬያለሁ።"

እውነት ነው። ወ/ሮ ናዝሚዬ ከሩቅ፣ ከቾሩም ከተማ የመጡ ሙሽራ ናቸው፤ ኩይማክ ባማሰሉ ቁጥርም ይህ ይነገራቸዋል። እኛም ብለናቸው እናውቃለን።

ሰብሳቢዋ፣ "ናዝሚዬ፣ የኔ ልጅ፣ ስልኩን ያዢው" አሉ።

ከመጀመሪያው ቤት ከፍ ብሎ ወዳለ ሌላ ቤት ተደወለ። ያነሡት ሰውዬ ናቸው። እንደተጠበቀውም "የማን ልጅ ነሽ?" አሉ።

"የማንም። ከቾሩም ነኝ።"

የሰውየው ድምፅ ቀዘቀዘ። ወዲያው ዋጋውን ተናገሩ፤ ቁርስ ሦስት ሰዓት ላይ እንደሚቀርብም አከሉ። ከፋይ እንግዳ ሣር አያጭድምና፣ ዋጋውን በሰማን ጊዜ የተጨበጨበው ከሁሉም የበለጠ ነበር። ወ/ሮ ናዝሚዬ ደግሞ፣ "ቁርሱን በሩ ላይ ያስቀምጡልኝ፤ አያንኳኩ" አሉ። "እንደፈለጉ፣ እመቤቴ" አሏቸው። እመቤቴ! በዚህ ከተማ እንዲህ ተብለው አያውቁም።

አጀንዳ 5፦ የመጨረሻ ውሳኔ

ከ"ሙሉ ዕረፍት" እና ከሁለተኛው ቤት በቀር፣ ከአጀንዳ 1 እስከ 4 የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። አራቱ አባላት አባታቸው በሚታወቅበት አገር እንግዳ መሆን እንደማይችሉ ተረጋግጦ ከጉዞው ተሰርዘዋል። ለመጀመሪያው ቤት ባለቤት የሰብሳቢዋ ጉልበት እንደታመመ ይነገራቸው፤ የወ/ሮ ሳኒዬ አይብም ይላክላቸው።

ወ/ሮ ናዝሚዬ ብቻቸውን ይሄዳሉ። አማታቸውን አራታችን በተራ እንይዛለን። አማትየው የሳኒዬ ሻይ ቀጭን ነው ሲሉ ያቀረቡት ተቃውሞ ተመዝግቦ ውድቅ ሆኗል። የወ/ሮ ናዝሚዬ ባል ኢድሪስ ማታ ይነገራቸዋል፤ ይነገራቸዋል እንጂ አይጠየቁም።

ስብሰባው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተዘጋ። ብርጭቆውን ያጠቡት ሰብሳቢዋ ናቸው፤ ሁለት ሰብረዋል።

እንግዲህ ዓርብ ረፋድ ላይ ወደ ማችካ የሚሄደው ሚኒባስ መነሻ ሁላችሁም ኑ፤ ከመንቀሳቀሱ በፊት አስፋልቱ ላይ ሆሮን እንጨፍራለን። ለመንገድ ብላ ስንቅ የያዘች ስንቋን ይዛ ትመለሳለች። ዓርብ ነው፤ ማንም እንዳይቀር።