ብሮሚን በሻይ

ከእንግዳ ሁሉ የከፋው የተማረ እንግዳ ነው። ያልተማረው የቀረበለትን በልቶ፣ አመስግኖ ይሄዳል። የተማረው ግን ስለቀረበለት ነገር ያስረዳል። እኔ ደግሞ፣ ምን ይደረግ፣ የተማርኩ ነኝ።

ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር እህቴ ዘይነባ ቤት ምሳ ተጋብዤ፣ ዓሣው ላይ ጨው ስትነሰንስ "የአሳል ሐይቅ ጨው ነው" አለች። ይህን ሰምቶ ዝም የሚል ምሁር አለ? በዚያ ውሃ ውስጥ ብሮሚን የሚባል ንጥረ ነገር እንዳለ፣ ተነጥሎ ሲወጣ ቀላ ያለ ቡናማ ፈሳሽ እንደሆነ፣ ስሙም በግሪክ ክርፋት ማለት እንደሆነ አስረዳሁ። መዋኛ ገንዳ ያጸዳል፣ ሶፋ ቶሎ እሳት እንዳይዘው ያደርጋል አልኩ። ባሏ ሙስጠፋ አዛጋና ለቀትር እንቅልፉ ገባ። ጠቢቡ እሱ ነበር።

እኔ ግን ቀጠልኩ። "ጥንት ከብሮሚን የተሠራ ጨው ለነርቭ ማስታገሻ ይታዘዝ ነበር። ወታደር ሴት እንዳያስብ ሻዩ ውስጥ ይጨምሩበታል የሚል ወሬም አለ።"

"ሴት እንዳያስብ?" አለች ዘይነባ።

"ወሬ ነው አልኩሽ።"

"ሻይ ውስጥ?"

እኔ ምን አውቄ! ለካ ጎረቤቷ "ባልሽ ሁለተኛ ሚስት እያፈላለገ ነው" ብላ ጆሮዋን ሞልታዋለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሙስጠፋ ሻይ በአሳል ጨው ይፈላ ጀመር። የሚገርመው፣ ሠራ! በሙቀቱም በሱቁ ደንበኛም ላይ ሲጮህ የሚውለው ሰው ረጋ። ሻዩን ፊቱን ሳያጠቁር ይጠጣል፤ ሚስቱን በስስት ያያል። ዘይነባ ደውላ "ያ ጨውህ! አላህ እውቀትህን ይጨምርልህ" አለችኝ። እህቴ፣ ጨው እኮ ጨው ነው ልላት ነበር፤ ግን እየተመረቀ የሚከራከር ማን ነው? አሜን አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ሙስጠፋ ካርቲየ 3 ወዳለው የጨርቅ ሱቁ አስጠራኝ። በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣

"እህትህ አእምሮዋ እየሄደ ነው" አለኝ። "ስኳርና ጨው መለየት አቅቷታል። እንዳትደነግጥ ብዬ ዝም ብዬ እጠጣለሁ፤ ሆዴ ተቃጠለ።"

እሱ ቀጠለ፦ "ወላሂ፣ ሁለተኛ ሚስት በሕልሜም አስቤ አላውቅም። አሁን ግን ቤቱን የሚይዝላት፣ እሷንም የሚያስታምማት ሰው ያስፈልጋል።"

"ታዲያ?"

"ባልባላ ሰፈር ላለች አንዲት ደህና ሴት ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ትናንት እሺ አሉ።"

ምን ላድርግ? ከዓሣው ጀምሬ እስከ ወታደሩ ሻይ ሁሉንም ዘረገፍኩት። በጥፊ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ጨርቁ ክምር ላይ ቁጭ አለ።

"እንዳታጣኝ ብላ ነው?" አለ ለራሱ፤ ፊቱም በራ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ብሮሚን ነው ያልከው?"

"አዎ።"

"ጥሩ። በል ተነስ፤ ባልባላ ሂድና ጋብቻው ለምን እንደቀረ ለልጅቱ አባት ይህንኑ አስረዳቸው።"