የምድር ቤቱ ማሰሮዎች

እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ አርባ ዓመት የሞላው ቤት አሮጌ ይባላል። እማማ ሂልዳ ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። ጀርመን ያለው የትውልድ መንደራቸው ከሰው ላም የሚበዛበት፣ ማንም የማያውቀው ቦታ ነው። ግን መሬቱ ትንሽ ከተጫረ የሞተ ሰው ዕቃ ይወጣል አሉ። አንድ ጎረቤታቸው የፖም ዛፍ ሊተክል ቆፍሮ የራስ ቅል አገኘ። ምን ያደረገ ይመስላችኋል? መልሶ ቀበረውና ዛፉን ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ ተከለ።

እማማ ሂልዳ ኦግደን በሚባለው የካልጋሪ ሰፈር ጎረቤታችን ናቸው። እናቴ የሥራ ሺፍት ላይ ስትሆን ከትምህርት ቤት እሳቸው ጋ እገባለሁ። እሳቸው ያወራሉ፣ እኔ ዝም እላለሁ። ተስማምተናል።

ባለፈው ኅዳር ግን እሳቸውም ዝም አሉ። ከመንደሩ ፎቶ ተልኮላቸው ነበር። እሳቸው የተወለዱበት የአያታቸው ቤት ሊታደስ ምድር ቤቱ ሲቆፈር፣ ከግድግዳው ሥር የተደረደሩ ማሰሮዎች ተገኙ። የተከደኑ፣ ውስጣቸው ባዶ። የመንደሩን ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች የማሰሮዎቹን ምንነት ያውቁ እንደሆነ እማማ ሂልዳን ጠየቋቸው። እያንዳንዱ ማሰሮ ገና የተወለደ ሕፃን የሚይዝ ነው።

‹‹አያቴ ልጆች ገድላ ይሆን?›› አሉኝ እማማ ሂልዳ፣ ሻይ እየጠጣን። ባቡር ሲያልፍ ኩባያዎቹ ተንቀጫቀጩ። ከዚያ ወዲህ እኔ፣ ሰው ፊት ስሜን እንኳ የማልናገረው፣ ልብስ ላጥብ ወደ ቤዝመንታችን፣ ወደ ምድር ቤቱ፣ የምወርደው ፍርሃቴን ለማባረር እየዘፈንኩ ነው።

እማማ ሂልዳ መብላት ሲያቆሙ ለእናቴ ነገርኳት። መጥታ ፎቶውን አየች።

‹‹ይህን ነው እንዴ የሚፈሩት? እንግዴ ልጅ የተቀበረበት ነው እኮ። ውሻ እንዳያገኘው ነዋ፤ ባዶ የሆነው በስብሶ አልቆ ነው። የእኔም ጎንደር ጓሯችን ውስጥ አለ።››

‹‹የእኔስ?›› አልኳት።

‹‹ያንቺን ሆስፒታል ወሰደው። የት እንዳደረሱት እግዜር ይወቅ።››

የእማማ ሂልዳ ፊት በራ። በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። አባታቸውና የአባታቸው አምስት ወንድምና እህቶች፣ ስድስት። ከዚያ እሳቸው፣ የእናታቸው ብቸኛ ልጅ፣ ሰባት። መጨረሻ ላይ ያለው የእኔ ነው ብለው ሳቁ። እናቴም አብራ ሳቀች።

እኔ ፎቶው ላይ ቆጠርኩ። ስምንት ናቸው። መጨረሻ ላይ ሁለት እኩያ ማሰሮዎች እንደ መንታ ተጠጋግተው በአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድነዋል። ደግሜ ቆጠርኩ። ስምንት።

ሰው ሁሉ ተናገሪ፣ ዝምታ አይጠቅምም ይለኛል። ሴትዮዋ ግን ከስንት ቀን በኋላ ሾርባ እየጠጡ ነው። ምን ብዬ ልናገር? ዝም አልኩ። እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ።

ስንወጣ እናቴ ጫማዋን ስታስር፣ እማማ ሂልዳ ክንዴን ያዝ አድርገው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

‹‹አንቺም ስምንት ቆጠርሽ፣ አይደል?››

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

‹‹እናቴ በልደቴ ቀን ሁልጊዜ ድንች ላምጣ ብላ ምድር ቤት ትወርድ ነበር›› አሉኝ። ‹‹ብዙ ትቆያለች። ድንች ይዛ ወጥታ ግን አታውቅም።››