ኮርቻው ከፍ ያለ ብስክሌት

ዛሬም ድረስ ኮርቻው ከፍ ያለ ብስክሌት ባየሁ ቁጥር ዓይኔን እሰብራለሁ። ምን ያሳፍርሻል አትሉኝም? "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ይባል የለ? እኔ ግን ይህችን እውነት ስንት ዘመን አሳደርኳት! እንግዲህ ዛሬ ልናገር። ስታነቡ ብቻ ቀና ብላችሁ አትዩኝ።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ተምሬ ወረታ አስተማሪ ሆንኩ። ያኔ ጠመኔ የያዘች ሴት ራሷ ለገበያተኛ ትርኢት ነበረች። ታዲያ አንድ ቀን አያ ደሴ ወፍጮ ቤት በር ላይ አንድ የሚሸጥ ብስክሌት ተደግፎ አየሁ። ጣሊያን ጥሎት የሄደ፣ ለእሽቅድምድም የተሠራ ነው አሉኝ። አቤት ውበቱ! ብረቱ ቀጭን፣ በአንድ እጅ የሚነሳ፤ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠቀለለ፤ አረንጓዴ ቀለሙ ተልጦ እንኳ የሚያምር። የኋላ እግሩን ሲያሽከረክሩት ጥርር እያለ እንደ ፌንጣ ይዘፍናል። ጎንደር ሳለሁ በጓደኛዬ ግቢ ተደብቄ መንዳት ተምሬ ነበርና እግሬን በላኝ።

ግን ያላገባች ሴት ብረት ላይ አንፈራጥጣ ብትታይ ማን ልጁን ለትምህርት ይልክላታል? ለአጎቴ ለመሪጌታ ጥበቡ ነገርኳቸው። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ስለሆኑ የኔታ ነው የምላቸው። በእግሬ ጣት መሬት እየቆፈርኩ፣ ግማሹን ዋጥ እያደረግሁ ጨረስኩ። እሳቸውም፣ "በኔ ስም ይገዛ። በሽማግሌ ቢስቁ ምን ይጎድልበታል?" አሉ።

የኔታ በበቅሎ አዋቂነታቸው የታወቁ ነበሩ። ብስክሌቱንም እንደ በቅሎ ነው የገዙት። ዞሩት፣ ዳበሱት፣ ጎኑን መታ መታ አደረጉት። ዕድሜውን ጠየቁ።

"አመሉስ?" አሉ።

"አይራገጥም መሪጌታ። ቁልቁለት ላይ ግን አደራዎን፣ ፍሬኑ ሰነፍ ነው" አሉ አያ ደሴ።

"የሌባ ከብት እንዳይሆንብኝ ዋስ ጥራ።"

አያ ደሴ እየሳቁ ጎረቤታቸውን ዋስ ጠሩ። የኔታ መሪው ላይ ገመድ አስረው፣ እየጎተቱ ወሰዱት፤ ከበቅሏቸው ጋር አንድ ጋጣ አስገቡት። ምስኪን በቅሎ፣ ሦስት ቀን ስትደነብር ሰነበተች።

ከዚያ ወዲያ ክረምቱ እንደወጣ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ የየኔታን ሱሪ ለብሼ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን አሮጌ ጥምጣማቸውን ጠምጥሜ እወጣለሁ። የፎገራን ሜዳ በብስክሌት አይታችሁት ታውቃላችሁ? ክረምት ውሃ ይዞት የተኛ አገር፣ ከመስከረም ወዲህ ደርቆ ይጠብቃችኋል። ከብት የደለደለውን መንገድ ይዤ ወደ ቁሐር ሚካኤል እወርዳለሁ። ግራና ቀኝ ጓያው ሰማያዊ አብቧል። አንዴ ከገፋችሁት ብረቱ እናንተን አይጠይቅም፤ እሱው ይሄዳል። እኔ፣ ሰው ፊት ቀና ማለት የማልችለው፣ እዚያ ላይ እዘፍን ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ይገርመኛል። ኮርቻውን ለቁመቴ ዝቅ አድርጌ እተወዋለሁ፤ በሳምንቱ ከፍ ብሎ አገኘዋለሁ። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል ብዬ የማስተምር ሰው ምን እላለሁ? የወረታን ፀሐይ አደነቅሁ። ክፍል ውስጥም ምሳሌ አደረግሁት።

ወሬ አይቀርምና አንድ የቁሐር ገበሬ ለደብራችን አለቃ አቤት አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ።

"ጥምጣም ያደረገ ሰው በብረት ሲበር አየሁ" አለ ገበሬው። "ግን ከጥምጣሙ ሥር ሹሩባ ወርዷል። ካህን ሹሩባ አለው እንዴ?"

ሰዉ ወደ ሴቶቹ ዞረ። ከተማው ውስጥ ሱሪ ትለብሳለች ተብላ የምትጠረጠር ሴት አንዲት ብቻ ነበረች። ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ሹሩባዬን ሸፈንኩ። ማስተማሬም፣ ስሜም በዚያች ሹሩባ ተንጠለጠሉ።

"መሪጌታ፣ ምን ይላሉ?" አሉ አለቃው።

"ጥምጣሙ የኔ ነው። ብስክሌቱም በኔ ስም የተገዛ ነው።"

"እንግዲያው ነድተው ያሳዩን። ካልሆነልዎ ባለሹሩባዋን እንፈልጋለን።"

አለቀልኝ አልኩ። ከበቅሎ በቀር የማያውቁ ሽማግሌ በኔ ጦስ ሊሰበሩ ነው! እኔ ነኝ ልል አንድ እርምጃ ተራመድኩ። የኔታ ግን ብስክሌቱን አስመጥተው፣ "በስመ አብ" ብለው፣ እጀ ጠባባቸውን ሰብሰብ አድርገው ወጡበት። አልወደቁም። ዋርካውን አንዴ ዞሩት። ደገሙት። በሦስተኛው የጥምጣማቸው ጫፍ ተፈትቶ ከጀርባቸው ይውለበለብ ጀመር።

"ይኸውልህ ሹሩባህ!" አሉት ገበሬውን፣ ሳይቆሙ።

ሴቶቹ እልል አሉ። አለቃው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው መቶ ስግደት ፈረዱባቸው። ወዲያው ደግሞ ጠጋ ብለው፣ "ለመሆኑ አይጥልም?" ብለው ጠየቁ።

ስግደቱን እንደጨረሱ እግራቸው ላይ ልወድቅ ሄድኩ። ጉልበታቸውን እያሹ ነበር።

"የኔታ፣ በኔ ጥፋት እርስዎ..." ብዬ ሳልጨርስ አቋረጡኝ።

"ስግደቱስ የራሴ ነው። ግን አንቺ ልጅ፣ ምን በድዬሽ ነው ኮርቻውን በየሳምንቱ ዝቅ እያደረግሽ ጉልበቴን የፈጀሽው?"

የኔታ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። እሳቸው እስከ መጨረሻው አላወሩብኝም፤ እኔም አላወራሁባቸውም። ያኔ ያስተማርኳችሁ ልጆች ይህን ካነበባችሁ ግን ይቅር በሉኝ፤ ብረት በፀሐይ አንድ ስንዝር አይለጠጥም።