ቁልፍ የሌለው ጎተራ

ከሐዋርያት መካከል ለእኔ ዘመድ የሚመስለኝ ቶማስ ነው። ጴጥሮስን እፈራዋለሁ፤ ዮሐንስን እወደዋለሁ፤ ቶማስ ግን የእኛው የወገራ ሰው ይመስለኛል። «እጄን ካላገባሁ አላምንም» የሚል ሰው ሌላ የት ይወለዳል? እናንተ ከተማ ያላችሁ ሰዎች መጠርጠርን እንደ ነውር ስትቆጥሩት እሰማለሁ። አልፈርድባችሁም። እህላችሁን ከገበያ ገዝታችሁ በሳምንት የምትጨርሱ ሰዎች ምን የሚጠረጠር ነገር አላችሁ? ገበሬ ግን ከመስከረም እስከ መስከረም ይጠረጥራል። ደመናውን ይጠረጥራል፤ ዋጉን ይጠረጥራል፤ ተምቹን ይጠረጥራል፤ የጎረቤቱን በሬ ይጠረጥራል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከከተማ የመጣ ፈገግታን ይጠረጥራል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያለው የጥንቱ ሰው በከንቱ አላለም። ተመንጥሮ ነው ያለው።

እኔ ከዳዊት ያለፈ ትምህርት የለኝም። እሱንም በቅጡ ሳልጨርስ አባቴ ሞተና እርፍ ጨበጥሁ። ያም ሆኖ ጠዋት ጠዋት እደግማለሁ። «አድኅነኒ እግዚኦ እምብእሲ እኩይ»፣ ማለት ከክፉ ሰው አድነኝ ከሚለው ላይ ስደርስ ዓይኔ ወደ ጎረቤት ይሄዳል ትላለች ባለቤቴ ጥሩነሽ። ሐሰት ነው። ፀሐይ በዚያ በኩል ስለምትወጣ ነው።

የማወጋችሁ ነገር የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ጣልያን ከወጣ ብዙ ዓመት አልፎ፣ ማዳበሪያ የሚሉት ነገር ገበያችን አምባ ጊዮርጊስ በደረሰ ሰሞን ነው። መቼም የገበሬን ቤት ታውቃላችሁ። በጥር ጥጋብ፣ በሰኔ ራብ። በጥር ሰርግ አለ፣ ተዝካር አለ፣ ማኅበር አለ፤ ለዘር ብለን ያስቀመጥናትን እህል «ትንሽ ብቻ» እያልን እንነካታለን። ግንቦት ሲመጣ ጎታው ውስጥ የሚገኘው አይጥ ብቻ ነው፤ እሱም ከስቶ። ያን ጊዜ አምባ ጊዮርጊስ ካለ አንድ ነጋዴ ደጅ እንቆማለን። አንድ ቁና ዘር እንወስዳለን፤ በመከር ሁለት ቁና እንመልሳለን።

እኔ ሁለት ዓመት ተከታትዬ ደጁ ቆምሁ። በሁለተኛው ሰውየው ሸጋ አድርጎ ፈገግ አለና «አያ መኮንን፣ ለሦስተኛ ከመጣህ ዘር አልሰጥህም። ያችን ከወንዝ ማዶ ያለችውን መሬት ለእኩል ስጠኝና በዘሬም በበሬዬም እኔው ላርሳት» አለኝ። ያች መሬት የአባቴ ርስት ናት። ጥቁር አፈር፣ ገብስ እንደ እናት የምታሳድግ። እሷን ለእኩል የሰጠ ሰው መልሶ ሲያገኛት አላየሁም። በገዛ ርስቴ ዳር ቆሜ የሌላ ሰው ገብስ ሲታጨድ መቁጠር እንዴት ያለ ነገር ነው! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላው ሁሉ ጉዳዬ አልነበረም። የሚመጣው ሰኔ ባዶ እጄን እንዳያገኘኝ ብቻ ነበር ልመናዬ።

በዚያው ዓመት ከጎንደር አንድ የግብርና ልጅ መጣ። ካኪ ለብሶ፣ ቦርሳ አንግቶ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ ወይራው ሥር ጠበቀን። ነገሩ ቀላል ነበር። «በጥር እህል ሲረክስ ሁሉን አትጨርሱ። ከአውድማ ስታስገቡ እያንዳንዳችሁ እኩል እኩል አዋጡና ባንድ ጎተራ አጠራቅሙ። ግንቦት ላይ እህል ሲወደድ ግማሹን ሸጣችሁ ማዳበሪያ ትገዛላችሁ። ግማሹ ዘራችሁ ነው። ማንም ደጅ አትቆሙም» አለ።

ራሳችንን ነቀነቅን። ወገራ ራሱን ሲነቀንቅ የተስማማ እንዳይመስላችሁ።

በመጨረሻ አያ ቢሻው ተነሣ። አያ ቢሻውን ላስተዋውቃችሁ። እኛ ሁላችን የምንጠረጥር ሰዎች ነን፤ እሱ ግን መምህራችን ነው። ጥላውን እንኳ ወደ ፊት አስቀድሞ ነው የሚሄድ ይሉታል። የመንደሩ ሰው ሁሉ ለመምሬ ተገኘ ንስሐ ሲገባ እሱ ብቻ አይገባም። ለምን ሲሉት «ኃጢአቴን እግዜር ያውቀዋል፤ ሁለተኛ አዋቂ ምን ያደርግለታል?» ይላል።

«ምነው ልጄ፣ ለእኛ ይህን ያህል አሰብህ?» አለው ልጁን።

«ሥራዬ ነው፣ አያ።»

«ደመወዝ ይሰጡሃል?»

«አዎ።»

«እንዲያ ከሆነማ አንተ የምታስብልን በደመወዝ ነው። ነጋዴው እንኳ በነጻ ነው የሚያስብልን!»

ሰው ሳቀ። ልጁም ሳቀ፤ ላቡን ግን ጠረገ። ከቦርሳው በትንሽ ከረጢት ያለ ማዳበሪያ አውጥቶ አሳየን። አያ ቢሻው ቆንጥሮ ቀመሰና ተፋው። «ጨው አይደለም። ጨው ቢሆን ደግ ነበር» አለ። አንዱ ደግሞ ይህ ነጭ ነገር የነካው መሬት ከዚያ በኋላ የመንግሥት ነው አለ። ሌላው፣ እህላችንን ባንድ ጎተራ የሚያስከምሩን ለግብር እንዲመቻቸው ነው አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም ሁሉንም ጠርጥሬ ነበር። ግን በፊቴ የቆሙት ሁለት ፈገግታዎች ናቸው፤ የነጋዴውና የልጁ። የልጁ ቢያንስ ላብ ነበረበት። «እኔ አዋጣለሁ» አልሁ። እኔ ካዋጣሁ አንድ ነገር ባውቅ ነው ብለው ጠረጠሩና ሌሎቹም ተከተሉኝ።

ጎተራው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ተሠራ፤ ተማግሮ፣ በጭቃና በእበት ተለስኖ፣ ሣር ክዳን ደፍቶ። ገብሳችንን አመጣን፤ እያንዳንዱ የሌላውን ቁና አጎንብሶ እያየ፣ «መታ መታ አድርገው፣ አላሞላኸውም» እየተባባለ ገለበጥነው። ከዚያ የቁልፍ ነገር መጣ።

ቁልፉን ማን ይያዝ? መምሬ ይያዙ ቢባል «የተዝካር ሰሞንስ?» ተባለ። ጭቃ ሹሙ ይያዝ ቢባል ሁሉም ሳል ያዘው። የግብርናው ልጅ ቢባልማ ሳል አልበቃም። እኔ ስሜ ሲጠራ «መኮንን ባልከፋ፣ ግን ዘር ያልቅበታል» አለ አያ ቢሻው። እሱ ራሱ ሲጠራ ደግሞ ሁሉም መሬት መሬት አየ። እስከ ቀትር ከተጨቃጨቅን በኋላ አንድ ነገር ተወሰነ፤ ቁልፍ የሚባል አይኑር። የጎተራው አፍ በአገዳ ክዳን ይከደን፤ ሊያይ የፈለገ ሁሉ በፈለገ ሰዓት ከፍቶ ይይ።

ከዚያ ወዲያ የመንደራችን ሃይማኖት ጠነከረ። ቤተ ክርስቲያን የማይስም ጠፋ። በሳምንት አንዴ ይመጣ የነበረው በየቀኑ፣ በየቀኑ ይመጣ የነበረው ጠዋት ማታ ይሳለም ጀመር። ሁላችንም በእጃችን በትር አለች፤ በበትሯም ላይ እህሉ የደረሰበትን ከፍታ የምታመለክት ጭረት አለች። ደጀ ሰላሙን ስመን እግረ መንገዳችንን በትሯን ጎተራው ውስጥ እንሰካለን፣ እናማስላለን፣ ክንዳችንን እስከ ትከሻ አስገብተን እናሸታለን፣ አማትበን እንሄዳለን። ጥሩነሽ «ምነው፣ ጠዋት ተሳልመው አልነበረም እንዴ? ታቦቱ ረሳዎት?» ትለኛለች። ሴት ልጅ ሁሉን ነገር ማወቅ ትወዳለች።

የዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ግን ሕሊናዬ ወቀሰኝ። ከቅዳሴ መካከል፣ ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ሲጸልይ፣ የኔ ልብ ጎተራው አፍ ላይ እንደ ዝንብ ተቀምጣለች። ወደ መምሬ ተገኘ ሄጄ ተናዘዝሁ። «አባቴ፣ ወንድሞቼን እጠረጥራለሁ» አልኋቸው። መምሬ አዘኑ። «ፍቅር ሁሉን ያምናል ይላል መጽሐፉ። ስግደትህን ስገድ። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ዘሩ እስኪከፋፈል ድረስ ጎተራው አጠገብ አትድረስ። ይህን ቀኖናህን ለማንም አትንገር፤ ለሰው የተነገረ ቀኖና ቀኖና አይደለም» አሉኝ።

ተቀበልሁ። መቼም ሌሎቹ ይጠብቃሉ፤ አንድ ዓይን ቢጎድል ምን ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ። ከጎተራው በራቀው በበላዩ የቅጥር በር ገብቼ በበላዩ በር እወጣለሁ፤ ወደ ጎተራው እንዳላይ ነጠላዬን በጆሮዬ በኩል እስባለሁ። ሲቸግረኝ እሰግዳለሁ። በመጋቢት ያለ ጊዜው ዝናብ ሲጥል ግን ስግደቱም አላስቀመጠኝ። ደጄ ላይ ቆሜ ሣር ክዳኑን አሰብሁ፤ ያችን ጥቁር መሬት አሰብሁ፤ የነጋዴውን ፈገግታ አሰብሁ። እግሬ ሁለት ጊዜ ከደጅ ወጣ፤ ሁለት ጊዜም በስመ አብ ብዬ መለስሁት። «ይሂዱ እንጂ» አለች ጥሩነሽ። «አልሄድም» አልሁ። «ምነው?» «አምናለሁ።» ግንባሬን ዳሰሰችው፤ ትኩሳት ያዘኝ መስሏት ነው።

ትንሣኤ አለፈ። ዘሩ የሚከፋፈልበት ቀን ደረሰ። የግብርናው ልጅ ለገበያ የሚወጣውን እህል የምትጭን ማኪና ይዞ መጣ፤ መምሬም መስቀላቸውን ይዘው መጡ። የጎተራው አፍ ሲከፈት እኔ ቀድሜ ክንዴን አስገባሁ። ደረቅ ነበር። እፍኝ አውጥቼ አሸተትሁት፤ ፀሐይ ፀሐይ ይሸታል። በትሬን ሰካሁ፤ ጭረቷ ጋ ለመድረስ ጥቂት ብቻ ቀራት። እንባዬ መጣ፤ የነጋዴው ፈገግታ ከፊቴ ጠፋ።

መምሬ ደስ ብሏቸው «አያችሁ ልጆቼ፣ መተማመን እንዲህ ነው» ብለው ጀመሩ። ያን ጊዜ አንዱ ጎረቤቴ «እኔማ ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ አልደረስሁበትም፤ የጠበቃችሁ እናንተ ናችሁ» አለ። ሌላው ዘወር ብሎ «እኔም እኮ አልደረስሁም» አለ። «እኔም» አለ ሦስተኛው። ዓይናችን ሁሉ ወደ መምሬ ሄደ። ለካ ሁላችንም አንድ ኃጢአት ይዘን ወዳንድ የነፍስ አባት ሄደን፣ አንድ ቀኖና ተቀብለን፣ ለማንም ሳንናገር ኖረናል። ያን ሁሉ ዝናብ ጎተራውን ለእግዜር ትተንለታል። መምሬ መስቀላቸውን ትኩር ብለው አዩ።

«ታዲያ ያን ክዳን ማን ጠገነው?» አለ አንዱ፤ በጎኑ አዲስ ሣር ተደርቦበታል። ከቅጥሩ ሥር ደግሞ የበሰበሰ ጥቁር ገብስ ተደፍቷል።

«እኔ ነኛ!» አለ አያ ቢሻው። ከኋላ ነበር የቆመ። «ሌባ ሁሉ! ሲርመሰመስበት የነበረ ሰው ባንድ ቀን ድርግም አለ። ጠዋት ብመጣ የለም፤ ማታ ብመጣ የለም። እነዚህ ሰዎች ተማክረዋል፣ እኔን አዘናግተው ሊዘርፉ ነው አልሁ። እህሉ ይጉደል አይጉደል ለማየት በየቀኑ እገለብጠዋለሁ። ያ ዝናብ ሲጥል ክዳኑ አፈሰሰ፤ እጄን ባገባ ገብሱ እንደ ገንፎ ፈጀኝ። አውጥቼ ሰሌን ላይ አሰጣሁት፤ የበሰበሰውን ጣልሁት።»

«ስለ እኛ ብለህ ነው፣ አያ?» አልሁት፤ ልስመው ምንም አልቀረኝ።

«ስለ እናንተ? ምን በወጣችሁ! የኔ ገብስ ከእናንተ ገብስ ጋር ተቀላቅሎ የትኛው የኔ እንደሆነ ብለየው ኖሮ የኔን ብቻ ነበር የማሰጣ!»

የግብርናው ልጅ ይህን ሁሉ አልሰማም፤ ከማኪናው ጋር ነበር። ሲመለስ እህሉን አየና ተደሰተ። በመተማመን የተገኘ ፍሬ ነው ብሎ አመሰገነን፤ ለማረም ማንም ልብ አላገኘ። እንደኛ እንዲተማመኑ ለማስተማርም ወደ ሌላው መንደር ሄደ። እግዜር ይርዳቸው።

መምሬ ግን ካህን ናቸውና ወደ አያ ቢሻው ጠጋ አሉ። «ቢሻው፣ ወንድሞችህን ሌባ ማለት ከባድ ነው። ንስሐ ግባ እንጂ» አሉት። ሽማግሌው ምን እንደነካው አላውቅም፤ ምናልባት ሁላችንም ስለተናዘዝን ብቻውን የቀረ መስሎት ይሆናል፤ «እስቲ እሺ» አለ።

«ኧረ አባ!» ብለን ሁላችንም ባንድ አፍ ጮህን።

መምሬ ጎተራውን አዩ፤ የበሰበሰውን ገብስ አዩ፤ እኛን አዩ። ጢማቸውን ሲዳብሱ ቆዩና «ንስሐህ ይቆይ ልጄ። ለከርሞ እናየዋለን» አሉት።

በዚያ ሰኔ ያችን ጥቁር መሬት በራሴ በሬ፣ በራሴ ዘር አረስኋት። ማዳበሪያውንም በተንሁባት፤ ከሁለት ትልም ላይ ግን አስቀረሁባት፤ ማን ያውቃል ብዬ። ነጋዴው በበቅሎ ሲያልፍ አይቶኝ «በርታ» አለኝ። ፈገግ አላለም። እንዲህ ያለ ሸጋ ፊት አይቼበት አላውቅም።

ከርሞም መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ዓመታትም መጡ። በየዓመቱ ጾም ሲገባ እኛ ተናዝዘን ከጎተራው እንርቃለን፤ የአያ ቢሻው ንስሐ ለከርሞ ይተላለፋል፤ ዘራችንም ደህና ይወጣል። ብቻ ሽማግሌው አሁን ደክሟል፤ ሲያስነጥሰው መንደሩ ሁሉ «ይማርህ» የሚለው ከልቡ ነው። ተተኪ መፈለግ ግድ ሆኗል። ባለፈው እሁድ መምሬ ሰዉን አንድ በአንድ ሲያዩ ቆዩና ዓይናቸው እኔ ላይ ቆመ። «መኮንን፣ አንተ ዘንድሮ ንስሐ ባትገባስ?» አሉኝ። ይህን ሁሉ ሰው ትተው ለምን እኔን እንደመረጡ አሰብሁ፤ አሁንም አስባለሁ። ከጀርባው አንድ ነገር ሳይኖር አይቀርም።