የአቶ ካሣዬ ራስ ዕድገትና ትራንስፎርሜሽን

ክብር ለሚገባው ክብር መስጠት የሠለጠነ ሕዝብ ምልክት ነውና፣ ስለ አቶ ካሣዬ ራስ ስናወራ ኮፍያችንን እናወልቃለን። እሳቸው ግን አያወልቁም።

አቶ ካሣዬ ጎንደር ከተማ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ። የመሥሪያ ቤቱን ሥራ እንዳንነግራችሁ ሠራተኞቹም አያውቁትም። ኃላፊው “ዕድገት” የምትል ቃል ሳይጨምሩ የሚጠጣ ውኃ እንኳ አይጠይቁም ነበር። በዚያ ዘመን ሁሉ ነገር ያድግ ነበር፤ ፎቁ፣ ኮብልስቶኑ፣ የስብሰባው ርዝመት። ወደ ኋላ የሚሸሸው የሳቸው ፀጉር ብቻ ነበር። ግንባራቸውን ለቆ፣ አናታቸውን ለቆ፣ ማጅራታቸው ላይ መሽጎ ቀረ።

ጎልማሳ እስኪሆኑ ድረስ ይህ አላስጨነቃቸውም። መላጣ ሀብታም ነው ይባላል፤ ሀብቱ ባይኖርም ስሙ አይከፋም። ጭንቀቱ የመጣው ትርንጎን የወደዱ ጊዜ ነው። ትርንጎ የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ፣ ጎንደር ላይ የሒሳብ መምህርት፣ አፏ የማይታሰር ቆንጆ ነበረች። እሷም ትወዳቸው ነበር፤ ምናቸውን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። አንድ ቀን ኮፍያቸውን አንሥታ አናታቸውን ዳሰስ አደረገችና “ያምርብሃል’ኮ! ምን አስጨነቀህ?” አለቻቸው። እሳቸውም እንደ ስድብ ቆጠሩት።

ከፒያሳ ዝቅ ብሎ አዲስ ክሊኒክ ተከፍቶ ነበር። በሩ ላይ “በግንደ ሕዋስና በዕድገት ንጥረ ነገር ፀጉር እናበቅላለን” ይላል። “ዕድገት” የሚለውን ባዩ ጊዜ እግራቸው ሳይታዘዝ ገባ። ባለቤቱ ዶክተር ተክለ ጊዮርጊስ በየወረዳው ላም ሲያዳቅሉ የኖሩ፣ በቅርቡ ወደ ሰው የተሻገሩ ባለሙያ ናቸው።

“ከክንድዎ ደም እንቀዳለን፤ ማሽኑ ያሽከረክረዋል፤ የዕድገት ንጥረ ነገሩ ይለያል፤ ከዚያ አናትዎን በመርፌ መውጋት ነው” አሉ ዶክተሩ።

“ከማን ክንድ?”

“ከራስዎ ነዋ።”

አቶ ካሣዬ ሳቁ። “ከኔ? ይህ ደም’ኮ ዕድል ተሰጥቶት ያልሠራ ደም ነው! በግምገማ የወደቀ! እንዲህ ያለውን ሠራተኛ እኔ ደግሜ አልሾምም።” ይሾሙ ነበር፤ ግን ንግግሩ አማረላቸው።

ዶክተሩ የድሮ ሙያቸው ትዝ አላቸው። “እውነት ነው፤ ለመልካም ጥጃ መልካም ኮርማ ይመረጣል።”

“ኮርማውማ አለ” አሉ አቶ ካሣዬ።

ኮርማው የትርንጎ ታናሽ ወንድም ሰውአገኝ ነበር፤ የአይሱዙ ሾፌር፣ ፀጉሩ ማበጠሪያ የሚሰብር። “ለእህቴ ባል ደም አይደለም ኩላሊቴንም እሰጣለሁ!” ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። የደም ዓይነታቸውም ገጠመ። ተቀዳ፣ ተሽከረከረ፣ ተወጋ። አቶ ካሣዬ እንባቸው ዱብ ዱብ እያለ “ዕድገት ያለ መሥዋዕትነት አይመጣም” ይሉ ነበር።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ሽማግሌ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ተላከ። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ እሳቸው ግን “አሳታፊነት ነው” ብለው አብረው ሄዱ። በዚያ አገር ልጅ ከመሰጠቷ በፊት ትውልድ ይቆጠራል፤ ሁለቱ ወገኖች እስከ ሰባት ቤት አለመገናኘታቸው ካልታወቀ ጋብቻ የለም። የትርንጎ አጎት አያ ማሩ ጣታቸውን እያጠፉ ቅድመ አያቶቹን ጠሩ፤ የካሣዬም ወገን ጠራ።

“የሚገናኝ የለም። ልጅቱ ትሰጥ” አሉ አያ ማሩ።

ነገሩ አለቀ። የትርንጎ እናት አባይነሽ ለእልልታ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ነገር ግን ኃላፊ ባለበት የመዝጊያ ንግግር ሳይደረግ ጉባኤ አይበተንም። አቶ ካሣዬ ተነሡ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ።

“ይህ ራስ ለጊዜው ባዶ ቢመስልም በዕቅድ የተያዘ ነው! የሰውአገኝ ደም እዚህ ገብቷል። በቅርቡ የናንተው ፀጉር በኔ አናት ላይ ይበቅላል!”

አባይነሽ ለእልልታ የከፈቱትን አፍ ዘጉ።

“ምን ገባ አልህ?” አሉ አያ ማሩ።

“ደሙ።”

“የሰውአገኝ?”

“የራሱ የሰውአገኝ፣ አያ።”

አያ ማሩ ካጠፏቸው ጣቶች አንዷን ብቻ አቆሙ። “ታዲያ ሰባት ቤት ምን ያስቆጥረናል? አንድ ቤት ናችሁ! ምነው ልጄ፣ እህትህን ልታገባ መጣህ?”

“ኧረ ሕክምና ነው፣ አያ ማሩ! ሆስፒታል ደም የተሰጠው ሁሉ ሊዛመድ ነው?”

“ያማ ነፍሱን ለማትረፍ ነው። አንተ ግን ልታበቅለው ነው። የበቀለ ነገር ዘር አለው።”

ትርንጎ ከጓዳ “ካሣዬ! የራስህ ደም ምን አለህ?” ብላ ጮኸች። እሳቸው ኮፍያቸውን መልሰው አጠለቁ።

ሽማግሌዎቹ ውጭ ወጥተው መከሩና ተመለሱ። ፍርዱ ይህ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ራሱ ይታያል። ካልበቀለ ደሙ ሞቷል፣ ባዳ ነው፣ ያግባ። ከበቀለ ወንድም ነው።

አቶ ካሣዬ ተጽናኑ። ራሳቸውን ያውቁታላ! ስንት ዓመት ምንም ያላሳየ ራስ በአንድ ጾም ምን ሊያሳይ? ነገር ግን በሥልጣን ዘመናቸው ሁሉ አንድም ዕቅድ ያልተሳካላቸው ሰውዬ፣ ጾሙ ሳይጋመስ መስተዋት ፊት ቢቆሙ፣ እንደ ጤፍ ቡቃያ ያለ ጥቁር ነገር አናታቸው ላይ ብቅ ብሎ አዩ። ምስኪን፣ ትርንጎን ከልባቸው ይወዷት ነበርና ቁጭ ብለው አለቀሱ። ከዚያ ወደ ክሊኒኩ በረሩ።

“አቁሙልኝ!”

“ዕድገት አይቀለበስም” አሉ ዶክተር ተክለ ጊዮርጊስ በኩራት።

የቀረው ምላጭ ነበር። የልማት አርበኛው በየማለዳው በራቸውን ቆልፈው ዕድገቱን ይላጩ ጀመር። ትርንጎ ስልክ ደውላ “በቀለ እንዴ?” ስትል “የት አባቱ ይበቅላል!” ይሏታል፤ እሷም በደስታ ትስቃለች።

በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ዕለት፣ አያ ማሩ መዳፋቸውን በአቶ ካሣዬ አናት ላይ አኖሩ። ከፊት ወደ ኋላ ዳሰሱት፤ ለሰለሰ። አቶ ካሣዬ ተነፈሱ። ከኋላ ወደ ፊት መለሱት፤ ኮሰኮሳቸው።

“እሰይ! በቅሏል! ሸጋ ፀጉር ነው፣ ቁርጥ የሰውአገኝን!” ብለው አያ ማሩ አቀፏቸው። “እንኳን ወደ ቤትህ መጣህ፣ ልጄ!”

ትርንጎ ከጓዳ ወጣች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። “እኔ መላጣውን ነበር የወደድሁት” አለችና እንደ ዘመድ ጉንጫቸውን አገላብጣ ሳመች። “ደህና ሁን፣ ወንድም ጋሼ።”

በዓመቱ ትርንጎ ተዳረች። አያ ማሩም ለእህት ሠርግ ሰንጋ የሚያቀርበው ታላቅ ወንድም መሆኑን አስታውሰው መልእክት ላኩ። አቶ ካሣዬ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ሰንጋቸውን አስጎትተው ደረሱ። ሙሽራው ከዳሱ በር ድረስ ወጥቶ ታላቅ አማቹን በአክብሮት ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ፤ ዝቅ ሲልም አናቱ ታየ። አንድ ፀጉር አልነበረበትም።